አልጫ የምትሸተው አደይ

ትናንት የእርድ ቆርቆሮው ክዳን አልላቀቅ ብሎ ሲታገለኝ ቆየና ድንገት ሲከፈት ዱቄቱ ቡን ብሎ አፍንጫዬ ገባ። ደጋግሜ አስነጠስኩ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ሽታ የሚታየው አልጫ ነው፤ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት። ለእኔ የምትታየኝ ግን ቆርቆሮ አጥር ሥር፣ እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእርሳሷን ጫፍ የምታኝክ ልጅ ናት። አዲሱን የእንቁጣጣሽ ቀሚሷን ጭቃ አስነክታለች። እናቷ ገና አላየችም።

ጳጉሜ ነው። ከዓለም ባንክ ኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ሆኜ ሳየው ዝናቡ የሐምሌው ዝናብ አይደለም፤ ጠዋት ትንሽ ጠብ ጠብ ይልና ሐሳቡን ቀይሮ ይሄዳል። ከሰዓት ፀሐይ ስትወጣ ክረምቱን ሙሉ የሻገተው ጫማ፣ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ሁሉም በረንዳ ላይ ይሰጣል። ይህን ሰሞን ስወደው ለጉድ ነው። ሰው ሳያውቀው ትንሽ ደግ ይሆናል፤ የታክሲ ረዳት እንኳ መልስ ሲጠየቅ አይቆጣም። የእኔም እጅ የሚፈታው በዚህ ጊዜ ነው። የምተዳደረው የሐበሻ ቀሚስ ጥለት በመንደፍ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ ጥለት መስከረም ሲጠጋ በራሱ ጊዜ ይመጣል። የሥራ ባልደረቦቼ ምስጢሩን ሲጠይቁኝ ስቄ አልፋቸዋለሁ። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያደግኩት ኮልፌ ነው፤ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ጀርባ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈር። እኛ ሰፈር የእንቁጣጣሽ ሥራ ተከፋፍሎ ያለቀ ነገር ነበር። ሴቶች እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ወንዶች ሥዕል ስለው በየቤቱ ያድላሉ። ማን እንደከፋፈለው አላውቅም፤ ብቻ ሁሉም ቦታውን ያውቃል። ቦታ የሌለኝ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ከልጅነቴ ጀምሮ ሻካራ ነው። የዘፋኞቹ አለቃ የነበረችው ልጅ አንድ ቀን ጆሮዋን ይዛ ሰማችኝና "አንቺ ዝም ብለሽ አጨብጭቢ" አለችኝ። ሳጨበጭብ ደግሞ "ቀስ በይ እንጂ፣ ጥለሽን ሄድሽ" አለች። አልፈርድባትም፤ እውነቷን ነበር።

ታላቅ ወንድሜ በበኩሉ የሰፈሩ ሠዓሊ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ አንድ መልአክ ይስላል፤ ሰይፍ የያዘ፣ ክንፉን የዘረጋ፣ እግሩ ሥር አደይ አበባ የተነጠፈለት። ይህ ሥዕል "ናሙናው" ይባላል። ከዚያ የሰፈሩ ወንዶች ልጆች በየተራ ቤታችን እየመጡ ናሙናውን የመስኮታችን መስታወት ላይ ይለጥፉና፣ በላዩ ነጭ ወረቀት ደርበው፣ ብርሃኑ አሳልፎ የሚያሳያቸውን መስመር በእርሳስ ይከተላሉ። ደመና ሲመጣ ሥራው ይቆማል፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ግፊያው ይጀመራል። የእንቁጣጣሽ ዕለት ታዲያ በየቤቱ የሚገባው ያው አንድ መልአክ ነው። ልዩነቱ የቀለም አቀባቡ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ጥቁር ቀለም ተንጠባጥቦበት አንደኛው ቤት ጺማም መልአክ ገብቶ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከውሃ ቀለም ሣጥኑ ውስጥ መጀመሪያ የሚያልቀው ቢጫው ነው። ፀሐይዋ ቢጫ፣ አደይዋ ቢጫ፣ የመልአኩ አክሊል ቢጫ። ቡናማውና ሐምራዊው ግን ሳይነኩ ዓመት ይከርማሉ። ወንድሜ ቢጫውን እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው።

ሦስተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት እኔም መሳል አማረኝ። ወንድሜ ገና ተናግሬ ሳልጨርስ "ሴት ትዘፍናለች እንጂ አትስልም" አለኝ።

"ዘፋኞቹ አባረውኛል" አልኩት።

ትንሽ አዘነልኝ መሰለኝ። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ አለቃነት ነው ያስቸገረው። ጓደኞቹን ዞር ብሎ አየና "እሺ፣ እንዲህ እናድርግ" አለ። "የእትዬ ግድግዳ ላይ ሥዕልሽ ከተሰቀለ የከርሞውን ናሙና አንቺ ትስያለሽ። ካልተሰቀለ ግን ሁለተኛ ብሩሼን አትነኪም።" ልጆቹ ሳቁ። ለምን እንደሳቁ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

እትዬ የምንላቸው ከአጥራችን ወዲያ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጃቸው አግብታ ሄዳለች። ከወለጋ የመጡ የወንጌል አማኝ ናቸው፤ በሳምንት አንድ ቀን የጸሎት ጓደኞቻቸው ቤታቸው ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ዝማሬያቸው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ እኛ ቤት ይገባል። የእኛ ቤት ግድግዳ በቅዱሳን ሥዕልና በዘመድ ፎቶ ከመሙላቱ የተነሳ ቀለሙ ምን እንደነበር ረስተነዋል። የእሳቸው ግን በኖራ የተለቀለቀ፣ ከአንድ ቀን መቁጠሪያ በቀር ምንም የሌለበት ነጭ ግድግዳ ነው። ልጆቹ በየዓመቱ ሥዕል ይወስዱላቸዋል። እሳቸው በሁለት እጃቸው ይቀበላሉ፣ ይመርቃሉ፣ የተጠበሰ በቆሎ ይሰጣሉ። ሥዕሉ ግን ግድግዳ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

የእኔ ሥዕል ይሰቀላል ብዬ ቆረጥኩ። መልአኩን መስኮቱ ላይ ገለበጥኩ፤ ላባውን አንድ በአንድ ቀባሁ፤ ምላሴን ነክሼ። የእንቁጣጣሽ ዕለት አዲሱን ቀሚሴን ለብሼ፣ ሥዕሉን ደረቴ ላይ ይዤ በራቸውን አንኳኳሁ። "ውይ የኔ ልጅ፣ አንቺም ሠዓሊ ሆንሽ?" አሉና ግንባሬን ሳሙኝ። በቆሎውም ትልቅ ነበር። በማግስቱ ጨው ልበደር ብዬ ገባሁ፤ ግድግዳው ነጭ ነው። በሦስተኛው ቀን ጨዉን ልመልስ ገባሁ፤ ነጭ ነው። ወንድሜ ብሩሹን እያጠበ "ምነው፣ ስኳርም አትበደሪም?" ብሎ አላገጠብኝ።

በመጨረሻ ቻል ማድረግ አቃተኝና በራቸው ላይ እንደቆምኩ "እትዬ፣ መልአኬን ለምን አልሰቀሉትም?" አልኳቸው።

አልሳቁብኝም። "ግቢ፣ ቁጭ በይ እስቲ" አሉኝ። ከቁም ሣጥናቸው ታችኛው መሳቢያ በንጹህ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡና አልጋው ላይ ፈቱት። መላእክት ነበሩ። ያለፉት ዓመታት መላእክት በሙሉ፣ የሰፈሩ ልጆች ያመጡላቸው፣ አንድም ሳይጨማደድ። ጺማሙም አለ። የእኔው ከላይ ተኝቷል።

"እኛ ቤት ሥዕል ፊት አይጸለይም" አሉ ቀስ ብለው። "መልአክ ብሰቅል የጸሎት ጓደኞቼ ግራ ይገባቸዋል። እንዳልጥለው ደግሞ የልጅ እጅ ሥራ ነው፤ እጄስ እንዴት እሺ ይለኛል? እና እዚህ አሳድራቸዋለሁ።"

መሰቀልም አይደለም፣ መጣልም አይደለም። "ታዲያ ምን ልሳልልዎት?"

"አበባ ብትሆን እሰቅላት ነበር።"

"አበባማ አለው። እግሩ ሥር።"

"እሱ የወንድምሽ አበባ ነው። እኔ የምልሽ እቺን፣ አጥሬ ሥር የበቀለችውን። በእኛ አገር ኬሎ እንላታለን፤ እናንተ አደይ ትሏታላችሁ። ሄደሽ እያትና እሷን ሳዪልኝ።"

ተናደድኩ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። አደይን የማላውቅ አደረጉኝ ብዬ። አደይ ማለት መሐሉ ክብ፣ ዙሪያው እንቁላል እንቁላል የሚመስል ቅጠል አይደለች? ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኖ ይስላታል። ግን ናሙናው ሊያመልጠኝ ሆነና ሄጄ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩ።

ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ቆርቆሮው ፀሐይ ሲነካው ይንጣጣል። ከቦዩ የሚወርደው ውሃ ድምፅ አለ፤ ከላይ ከማዞሪያው "መርካቶ፣ መርካቶ" የሚለው የረዳት ጥሪ ይሰማል። እኔ አበባዋን ባየኋት ቁጥር የማውቃት አደይ እየጠፋችብኝ ሄደች። ቅጠሎቿ እኩል አይደሉም። አንዱ ጫፉን ትል በልቶታል። አንዱ ገና ተጣጥፎ አልተፈታም። ፊቷ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ቦዩ ነው፤ ዝናቡ ከብዷት አንገቷን ወደ ጎን ጥላለች፤ ጀርባዋ ከፊቷ ይልቅ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ነው። ግንዷ ላይ ጉንዳን ይወጣል፣ ይወርዳል። ከዚያ በፊት አንድን ነገር ያን ያህል አይቼ አላውቅም። ደስ የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ገባ። ዛሬም ጥለት ሲመጣልኝ የሚሰማኝ ያው ነው፤ ስም አላወጣሁለትም።

በእርሳስ ሳልኳት፤ የተበላውን ቅጠልም፣ ጉንዳኑንም። ቤት ይዤ ስገባ ግን ቢጫው አልቋል። ወንድሜ የመጨረሻዋን ጠብታ በጣቱ ጠርጎ አክሊል ቀብቶባታል። ለማን አቤት እላለሁ? ያኔ ነው ዓይኔ የእናቴ የቅመም መደርደሪያ ላይ ያረፈው። እርዱን በዘይት በጠበጥኩት፤ ወጥ በዘይት አይደል የሚሠራ? በትርፍ ወረቀት ላይ ስሞክረው ዘይቱ እየሰፋ ሄዶ ወረቀቱን እንደ መስታወት አሳላፊ አደረገው። ለቅሶ ሊመጣኝ ሲል እናቴ ገባች። ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች፣ ቀሚሴ ላይ ያለውን ጭቃ አየች።

"ዛሬ ደግሞ ወጡ ወረቀት ላይ ተጀመረ?" አለች። ከዚያ ፈገግ እንደማለት ብላ "በሞቀ ውሃ አድርጊው እንጂ" አለችኝ። ስለ ጭቃው በኋላ ተነጋገርን።

እትዬ ሥዕሉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። በጣታቸው የተበላውን ቅጠል ነኩት። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን መጋረጃ ገለጥ አድርገው አጥሩን አዩ፣ ተመልሰው ወረቀቱን አዩ። "እሷው ናት" አሉ። በዚያው ሰዓት መዶሻ አምጥተው በትንንሽ ሚስማር ነጩ ግድግዳ መሐል ሰቀሏት። ከሰቀሏት በኋላ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱና ሳቅ አመለጣቸው። "ቅመም ትሸታለች። በቃ፣ መስከረም ጠባልኝ" አሉ።

የጸሎት ጓደኞቻቸው በዚያው ሳምንት መጡ፤ ዕለቱ ደግሞ እህል ሳይቀመስ የሚዋልበት የጾም ጸሎት ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ስሰማ አንዷ ሴትዮ ከዝማሬው መሐል "እንዴ፣ በጾም ቀን አልጫ ይሠራል?" ስትል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እትዬ "የአበባዋ ሽታ ነው" ብለው ለማስረዳት ብዙ ደከሙ።

ወንድሜ አላመነም። ኮፍያውን አውልቆ፣ ግንባሩን ኮስተር አድርጎ እትዬ ቤት ገባ። "ይቺ አበባ ታማለች እንዴ?" አለ።

"ትል በልቷት ነው። ሂድና እያት" አልኩት።

ወጣ። ሲመለስ የሱሪው ጉልበት በጭቃ ረጥቧል። በዓመቱ፣ ነሐሴ ሲጋመስ፣ የቀለም ሣጥኑን ከነብሩሹ አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠ። ቢጫው አልተነካም ነበር። ልጆቹ ናሙናውን ሲጠብቁ ናሙና የለም አልኳቸው፤ እያንዳንዱ ሄዶ የወደደውን አይቶ ይሳል። አጉረመረሙ፤ መስኮቱ ላይ ግን የሚለጠፍ አልነበረም። በዚያ እንቁጣጣሽ በየቤቱ የገባውን ባያችሁ። አንዱ የጎረቤቱን ውሻ፣ አንዱ የእናቱን ጃንጥላ፣ ወንድሜ ደግሞ ጣሪያው ላይ አደይ የታሰረበት ሰማያዊ ታክሲ። በልጅነቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

የእኔዋ አደይ ግን ጉድ ሠራችኝ። ያን ዓመት እትዬ ቤት ስገባ ነጭ ሆና አገኘኋት። በመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ እርዱን መጥጦ ጨርሶታል፤ የቀረው የእርሳሱ መስመር ነው። እንባዬ መጣ። እትዬ ግን አልደነቃቸውም። "አጥሬ ሥር ያለችውስ በየዓመቱ አይደል የምትመጣው? ይቺም እንደዚያው ናት። ነይ ቀቢያት" አሉና ከማድ ቤታቸው እርድ አመጡልኝ።

በቃ፣ ልማድ ሆነ። ጳጉሜ ሲገባ እሄዳለሁ፤ ከግድግዳው አወርዳታለሁ፤ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ በእርድ እቀባታለሁ። እሳቸው አጠገቤ በቆሎ እየፈለፈሉ ወሬ ይነግሩኛል። ስጨርስ ያሸቷታል፤ "መስከረም ጠባልኝ" ይላሉ፤ እሰቅላታለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ ኮሌጅ ገባሁ፤ አደይ በየዓመቱ ትነጣለች፣ በየዓመቱ ትበራለች። ወንድሜ ሥዕሉን ትቶ ታክሲ መንዳት ጀመረ። እትዬ አረጁ። መጀመሪያ ዓይናቸው ላይ ጭጋግ መጣ፤ ከዚያ ጨርሶ ጨለመባቸው። እኔም ሥራ ያዝኩ፤ የራሴን ቀለም መግዛት ቻልኩ።

አንድ ጳጉሜ ላይ ታዲያ አንድ ትልቅ ሐሳብ መጣልኝ። ፀሐይ የማይነካው፣ ውሃ የማያስለቅቀው ጥሩ ቢጫ ገዛሁ። የእኝህ ሴት ግድግዳ ላይ ከእንግዲህ ነጭ ወረቀት እንዳይኖር ብዬ። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አደይን ከልጅነቴ ይልቅ በጥንቃቄ ቀባኋት፤ የጀርባዋን ፈዛዛ ቢጫ እንኳ አልረሳሁም። እንደዚያ አምራ አታውቅም። ሲደርቅ በሁለት እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት። ገልብጠው እንደገና አሸተቱ።

"ምነው፣ ዘንድሮ ሳትቀቢያት ነው የምትሰጪኝ?" አሉኝ።

"ቀባኋት እኮ እትዬ። እንዲያውም የማይለቅ ቀለም ነው። ከእንግዲህ አትነጣም።"

"እሺ የኔ ልጅ" አሉ። ወረቀቱን ዳሰስ አድርገው "እንጃ፣ እኔ ግን አላየኋትም" አሉ። ቅር እንዳይለኝ ብለው ደግሞ ቶሎ እጄን ፈልገው ያዙኝ። "ይሁን፣ ይሁን። ደክመሽባታል።"

ማድ ቤታቸው ገብቼ ከዚያው ከጥንቱ ቆርቆሮ እርድ አወጣሁና በሞቀ ውሃ በጠበጥኩ። አዲሱ ቀለም እንደ ላስቲክ ሆኖ እርዱን አልቀበል አለ፤ ውሃው እየተንከባለለ ወረደ። ብሩሹን ጥዬ በጣቴ ፈተግኩት፤ ቅጠል በቅጠል፣ እጄ እስከ አንጓዬ ቢጫ እስኪሆን። በግድ ጥቂት ያዘላት። መልሼ ሰጠኋቸው።

አሸተቱ። ፊታቸው ሲፈታ አየሁት።

"አሁን አየኋት" አሉ። "በቃ፣ መስከረም ጠባልኝ።"

አለቀስኩ፤ ድምፅ ሳላሰማ። እሳቸው በቆሏቸውን መፈልፈል ጀመሩ።

እትዬ ካረፉ ጥቂት ዓመታት ሆኗቸዋል። ክረምት ነበር፣ አደይ ገና ሳትወጣ። ልጃቸው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሥዕሉን ከነሚስማሩ ነቅላ "ይቺ ያንቺ ናት" ብላ ሰጠችኝ። የመሳቢያውን መላእክት ደግሞ ለወንድሜ ሰጠችው። ጺማሙ ዛሬ ታክሲው ውስጥ ከመሪው በላይ ተለጥፏል፤ ተሳፋሪ ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቀው "የሰፈራችን ልጅ ነው" ይላል።

አደይዋ አሁን ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ናት። ያ ቀለም እንደተባለለት አልለቀቀም፤ የእኔ እጅ አያስፈልጋትም። ቢሆንም ትናንት አወረድኳት፤ እርዱን በሞቀ ውሃ በጠበጥኩ፤ እንደገና በጣቴ ፈተግኩላት። በመስኮቱ ብርሃን እየገባ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያለኝ ጥለት ግማሹ ተነድፎ ይጠብቀኛል።

ወንድሜ ከዘነበወርቅ ለበዓሉ ዶሮ ይዞልኝ መጥቶ ሳያንኳኳ ገባ። በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበ።

"አልጫ ደርሷል እንዴ?" አለ።

ሳቅኩ። እጄን አሳየሁት። ዶሮውን መሬት አስቀመጠና ኮፍያውን አውልቆ አጠገቤ መጣ። ሥዕሉን አነሳሁና አሸተትኩት፤ ከዚያ ለእሱ ሰጠሁት፤ እሱም አሸተተው። ከዚያ ሁለታችንም ያን የእትዬን ቃል የሚል ሰው ያለ ይመስል ትንሽ ጠበቅን። ዶሮው ብቻ ነበር የሚንጫጫው። ወንድሜ ሚስማሩን ፈልጎ ሰቀላት።